«ኮች፣ 500 አቃጠልኩ፤ መልሼ ልብላው?»

ጂም ውስጥ ነው የምውለው። ጠዋት ኤሮቢክስ፣ ማታ ብረት አሠራለሁ፤ ስሜ ቀርቶ «ኮች» ብቻ ሆኛለሁ። ከትሬድሚል የወረደ ሰው ፎጣውን አንገቱ ላይ እንደጣለ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ኮች፣ ማሽኑ 500 ካሎሪ አቃጥለሃል ይላል። ይሄን መልሼ ልብላው ወይስ ልተወው?»

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። የቀን የካሎሪ ልካችሁ ሲሰላ ስፖርቱ ተቆጥሮ ከሆነ ምንም አትጨምሩ። ካልተቆጠረ፣ ካሎሪ የሚቆጥረው የእጅ ሰዓታችሁ ወይም ማሽኑ ካለው ግማሹን ብሉ። ከዚያ ሦስት አራት ሳምንት ሚዛን ላይ ውጡና አስተካክሉ። ረጅም የሚሮጡ ሰዎች ጉዳይ ለብቻው ነው፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ልካችሁ ከየት እንደመጣ እወቁ

የብዙ ሰው ሂሳብ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። የቀን ካሎሪ የሚሰላበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ካልኩሌተር ነው። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት ታስገባላችሁ፤ «በሳምንት ስንት ቀን ስፖርት ትሠራለህ?» ይላችኋል። «ከ3 እስከ 5» ካላችሁ ስፖርቱ እዚያው ተቆጠረ። ሁለተኛው እንደ ማይፊትነስፓል ያለ አፕ ነው። እሱ የሚጠይቃችሁ ስለ ውሎአችሁ ነው፤ ተቀምጣችሁ ነው የምትውሉት ወይስ ቆማችሁ። ስፖርቱን በሠራችሁበት ቀን ለብቻው ይደምርላችኋል።

ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። ከካልኩሌተር ያመጣውን ቁጥር አፑ ውስጥ ይጽፋል፤ አፑ ደግሞ ከሰዓቱ ጋር ተያይዟል። አንዱ ሩጫ ሁለቴ ተቆጠረ ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ዕድሜዋ 34፣ ክብደቷ 72 ኪሎ፣ ቁመቷ 162 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ባንክ ውስጥ የምትሠራ ሴት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሚሠራበት ሚፍሊን ሴንት ጆር የሚባል ቀመር አለ። ክብደቷን በ10፣ ቁመቷን በ6.25 አባዝታችሁ ትደምራላችሁ። ከዚያ ላይ ዕድሜዋን በ5 አባዝታችሁ ትቀንሳላችሁ። በመጨረሻ 161 ትቀንሳላችሁ፤ ለወንድ ከሆነ 161 መቀነሱ ቀርቶ 5 ይደመራል። የሷ 1400 ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ተኝታ ብትውል እንኳ ሰውነቷ የሚፈልገው ይህን ነው። ተቀምጦ ለሚውል ሰው በ1.2 ይባዛል፤ 1680 ይሆናል። በሳምንት ጥቂት ቀን ስፖርት ለሚሠራ በ1.375 ይባዛል፤ 1925 ገደማ። ልዩነቱ በቀን 245 ነው፤ ስፖርት በማትሠራበት እሁድም ጭምር።

ክብደት እንድትቀንስ በቀን 400 እናጉድል። ከ1925 ከተነሳች 1525 ትበላለች፤ ስፖርት በሠራችበት ቀንም ያው 1525። ከ1680 ከተነሳች 1280 ይሆናል፤ ስፖርት በሠራችበት ቀን ግን መጨመር አለባት፣ አለዚያ ጉድለቱ ከልክ ያልፋል። ሁለቱም ያስኬዳል። እኔ የመጀመሪያው ይሻለኛል። በየቀኑ ያው ምሳ ዕቃ፣ ያው መጠን፤ «ዛሬ ስንት ይገባኛል?» የሚል ጭንቀት የለም። በነገራችን ላይ ሴት ከ1200፣ ወንድ ከ1500 በታች ያለ ሐኪም ክትትል እንዲወርዱ አልመክርም።

አሁን ያቺው ሴት 1525ቱን ይዛ፣ በሳምንት አራት ቀን ኤሮቢክስ ትሠራለች። ሰዓቷ በየጊዜው «520 አቃጠልሽ» ይላታል፤ እሷም ያንን ትበላዋለች። አራት ጊዜ 520፣ 2080 ነው። በሳምንት ልታጎድል ያሰበችው 2800 ነበር። የቀረላት 720። አንድ ኪሎ ስብ 7700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ላቧን አንጠፍጥፋ የምትቀንሰው 100 ግራም እንኳ አይሞላም። በወሩ «ስፖርት ለኔ አይሆነኝም» ብላ ትቀራለች። ስንቱን እንዲህ ሸኝተናል!

የሰዓቱ ቁጥር

እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን 60 ሰው ላይ ፈትሸው ነበር። የልብ ምቱን አብዛኞቹ በደንብ ለኩ። ካሎሪ ላይ ሲመጣ ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፤ የባሰው 93 በመቶ። አይገርምም። የልብ ምት በሙቀት፣ በቡና፣ በድንጋጤ፣ እንቅልፍ በማጣትም ይጨምራል። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሙዚቃው ጣራ ሲነካ የሁላችንም ልብ ይመታል፤ ካሎሪው ግን በዚያ ልክ አይቃጠልም።

ሌላም አለ። ያንን 50 ደቂቃ ሶፋ ላይ ብታሳልፉትም ታቃጥሉ ነበር፤ ለአንድ ኪሎ በሰዓት 1 ካሎሪ ገደማ። ለ72 ኪሎዋ ሴት 60 ይሆናል። ብዙ ማሽን ይህን ደምሮ ነው የሚያሳያችሁ።

ትሬድሚሉ ክብደታችሁን ካልነገራችሁት በራሱ ግምት ያሰላል። ከዚያ ደግሞ በየቀኑ የማየው ትርኢት አለ። ሰውየው ዳገቱን 12 ላይ ያደርገዋል። የፊቱን ብረት በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይይዛል። ወደ ኋላ ተንጋሎ፣ መያዣው ላይ ስልኩን አስደግፎ ድራማ ያያል። ግማሽ ክብደቱን የያዘው ብረቱ ነው፤ ማሽኑ ግን ይህን አያውቅም፣ 450 ብሎ ይጽፍለታል። እጁን ቢለቅ በዚያ ፍጥነት ሦስት ደቂቃ አይቆይም። እባካችሁ፣ ዳገቱን ቀንሱና እጃችሁን ልቀቁ።

ማሽኑን ከማመን ይልቅ ይችን ግምት ያዙ። ሩጫ፦ ክብደታችሁን በኪሎ በሮጣችሁት ኪሎ ሜትር አባዙ። 72 ኪሎ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ 360። በፍጥነትም ሩጡ በዝግታ፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የእግር ጉዞ፦ ሜዳ ላይ ከሆነ የዚያ ግማሽ፣ 180። ላብ የሚያስወጣ ኤሮቢክስ፦ ለአንድ ኪሎ በሰዓት 5 ገደማ፤ ለዚያች ሴት በ50 ደቂቃ 300። ብረት፦ በሁለት ዙር መካከል የምታርፉት ስለሚበዛ፣ 45 ደቂቃው 150 ቢሆን ነው። ብረት ጡንቻችሁን እንዳታጡ ነው የሚያገለግላችሁ፤ ለካሎሪ ብላችሁ አትቁጠሩት።

ግማሹን ብሉ ያልኩት ለዚህ ነው። የ520 ግማሽ 260 ነው፤ ከ300ው ብዙም አይርቅም። ቢሳሳት እንኳ ለእናንተ በሚያዳላ በኩል ይሳሳታል።

አንድ ተመራማሪ ልጥቀስ፣ ኸርማን ፖንትዘር ይባላል። ከባልደረቦቹ ጋር ታንዛኒያ ያሉትን አዳኝና ለቃሚ ሃድዛዎች ለክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው ብዙ ሰው አስገርሟል። ቀኑን ሙሉ የሚጓዙት ሃድዛዎች፣ የሰውነታቸው መጠን ከታሰበ፣ በቀን የሚያወጡት ኃይል በከተማ ከሚኖረው አሜሪካዊ ብዙም አይለይም። ሰውነት አንድ ቦታ ሲያወጣ ሌላ ቦታ ይቆጥባል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። የኛ ሰው ደግሞ በራሱም ይቆጥባል፤ ጠዋት ጂም ከገባ ማታ ሁለት ፌርማታ የማይሄድ፣ ሊፍት የሚጠብቅ ስንት አለ። በሰዓቱ ቁጥር ላይ ይህ የለበትም።

ከበላችሁ ደግሞ ምን?

ከጂማችን ጎን ጭማቂ ቤት አለ። ከስፖርት የወጣ ሁሉ እዚያ ይሰለፋል። አቮካዶው በማንኪያ የሚበላ፣ ከላይ ቪምቶ የፈሰሰበት፣ ሎሚ የተቆረጠለት። አንድ መካከለኛ አቮካዶ ብቻውን 240 ገደማ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ሲገባበት 100 ይጨምራል። ቪምቶውን ሳንቆጥር 340። ሙሉ ኤሮቢክሱ ተመልሶ ገባ፣ ገና ቁርስ አልተበላም። አቮካዶ መጥፎ አይደለም፤ ያለ ስኳር፣ ግማሹን፣ ከዳቦ ጋር ብትበሉት ቁርስ ይሆናል።

እኔ ለጨመራችሁት 250 የምመክረው፦ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ሙዝ። እንቁላሎቹ 150፣ ሙዙ 100 ገደማ። በጾም ከሆነ ሁለት ጭልፋ ወፈር ያለ ምስር ከትንሽ እንጀራ ጋር። የተቆላ ሽምብራም ጥሩ ነው፤ ኦቾሎኒ የበዛበት ቆሎ ግን 100 ግራሙ 500ን ሊጠጋ ይችላል፣ እፍኝ ስትሉ ተጠንቀቁ።

ዘይትን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ሽሮ ላይ በዓይን የሚንቆረቆረው ሦስት አራት ማንኪያ ይሆናል። ሰው የሰዓቱን 40 ካሎሪ እያጣራ ይከራከረኛል፤ ቤቱ ግን ዘይቱን የሚለካ የለም። ሚዛን ግዙ፤ እንጀራውን አንዴ መዝኑት። 100 ግራሙ እንደ ውሃው መጠን 140 አካባቢ ነው። ቤታችሁ የሚጋገረው ስንት ግራም እንደሚመዝን ካወቃችሁ ሁሌ መመዘን አያስፈልጋችሁም።

ጾመኛ ከሆናችሁ

ሁዳዴ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ደረጃ ወጥቶ እስከ 9 ሰዓት የማይበላ ሰው አውቃለሁ። ይቻላል፤ ግን 9 ሰዓት ላይ የሚበላው ከግምት በላይ ነው። በጾም ቀን ከባዱን ስፖርት ከምግብ በኋላ፣ ወደ 11 ሰዓት ማታ አዙሩት፤ ጠዋት ካላችሁ የእግር ጉዞ ይበቃል። በረመዳን የማሠራችሁ ደግሞ ወይ ከኢፍጣር በፊት ቀለል ያለ፣ ወይ ከተራዊህ በኋላ። የጨመራችሁትን ካሎሪ ዛሬውኑ መብላት ግዴታ አይደለም፤ የሳምንቱ ድምር ከያዘ ነገ ቢበላም ያው ነው።

ረጅም ለምትሮጡ

ኅዳር ሲደርስ ለታላቁ ሩጫ የሚዘጋጅ ይበዛል። 10 ኪሎ ሜትር ለ65 ኪሎ ሰው 650 ገደማ ነው። ይህን በሳምንት አራት አምስት ቀን የሚሮጥ ሰው «ምንም አትጨምር» ቢባል ይጎዳል። ለእናንተ በኪሎ ሜትር ያሰላችሁትን አብዛኛውን ብሉ፤ ጉድለቱንም ከ300 አታሳልፉ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለስፖርተኞች ባወጣው ሰነድ ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው፤ ሥልጠናው ከምግቡ ሲበልጥ አጥንት ይሳሳል፣ የሴት ወር አበባ ይዛባል፣ ሆርሞን ይወርዳል። የወር አበባ ከቀረ፣ ሌሊት እንቅልፍ ከጠፋ፣ ሁሌ ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ትናንት የቻላችሁት ፍጥነት ዛሬ ከከበዳችሁ፣ መጀመሪያ ምግብ ጨምሩ፤ ሐኪምም አማክሩ። ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ እርጉዞችና የምታጠቡ እናቶች ደግሞ ከጅምሩ ከሐኪማችሁ ጋር ነው የምትነጋገሩት፤ ከኔ ጋር አይደለም።

ሚዛኑ ይዳኝ

ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ሳትበሉ፣ በየቀኑ ተመዘኑ፤ የሳምንቱን አማካይ ያዙ። የአንድ ቀን ቁጥር ዋጋ የለውም። ስፖርት ስትጀምሩ ጡንቻ ውሃ ስለሚይዝ በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ሚዛኑ ላይወርድ ይችላል። ሴቶች በወር አበባ ዑደት ምክንያት አማካዩን ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አነጻጽሩ። በአራተኛው ሳምንት በሳምንት ከክብደታችሁ ከግማሽ በመቶ እስከ አንድ በመቶ እየወረዳችሁ ከሆነ አትንኩት። ከዚያ በላይ ከወረዳችሁ በቀን 150 ጨምሩ። ካልወረዳችሁ መጀመሪያ ዘይቱን ለኩ፣ ከዚያ የምትበሉትን የስፖርት ካሎሪ ከግማሽ ወደ ሩብ አውርዱ።

«እሁድ ከሩጫ በኋላ ያለችው ቢራስ?» የሚለኝ አይጠፋም። 330 ሚሊ ሊትሯ ጠርሙስ 140 ገደማ ናት። ሁለት ከሆነች 280፤ አሥር ኪሎ ሜትር ለሮጠ ሰው ሂሳቡ ይወጣል። ቅቤ ያበደበት ጥብስ ከተከተለ ግን ሂሳቡ የት እንደሚደርስ አስቀድማችሁ ደምሩ።