በሕያዋን ሕዋሳት ዙሪያ ያለውን አሲዳማነት በትራንዚስተር ባዮሴንሰር እንዴት መከታተል ይቻላል?

ሕዋስ በሕይወት እስካለ ድረስ በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ ቀስ በቀስ አሲዳማ ያደርገዋል። ግሉኮስን ሲያፈርስ ላክቴትና የሃይድሮጅን አዮን፣ ማለትም ፕሮቶን፣ ወደ ውጭ ያስወጣል፤ በኦክስጅን ተጠቅሞ ኃይል ሲያመርት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከውሃ ጋር ሲዋሐድ አሲድ ይሆናል። ኦቶ ቫርቡርግ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የካንሰር ሕዋሳት ኦክስጅን እያላቸውም ላክቴት በብዛት እንደሚያመርቱ ካሳየ ጀምሮ፣ አሲዱ የሚወጣበት ፍጥነት የሕዋስን የውስጥ ሥራ ለመረዳት ከሚያገለግሉ ምልክቶች አንዱ ሆኗል። ትራንዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ከረንትን የሚቆጣጠር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ይህን ፍጥነት ማቅለሚያ ሳይጨመርና ሕዋሱ ሳይጎዳ ለሰዓታት ያለማቋረጥ ሊመዘግበው ይችላል። ከዚህ በታች የተገለጸው አሠራር ግን በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ ከመሣሪያው ከሚገኘው መረጃ ውስጥ ይበልጥ የሚታመነው የፒኤቹ፣ ማለትም አሲድ ሲበዛ የሚወርደው የአሲዳማነት መለኪያ፣ ቁጥር ሳይሆን ቁጥሩ የሚለወጥበት ፍጥነት ነው። ዝግጅቱ ሁሉ ይህን ፍጥነት ከሌሎች ለውጦች ለይቶ ለማየት የሚደረግ ጥረት ነው።

መሣሪያውን ማወቅና መምረጥ

በተለመደው ትራንዚስተር ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት የሚቆጣጠረው ጌት የተባለው የብረት ክፍል ነው። ኔዘርላንዳዊው ፒየት በርግፌልድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሥራ ይህን ብረት አንሥቶ ከሥሩ ያለው ስስ የኦክሳይድ ንጣፍ በቀጥታ ከፈሳሽ ጋር እንዲገናኝ አደረገ፤ መሣሪያውም አይስፌት በመባል ይታወቃል። በንጣፉ ላይ ያሉት የኬሚካል ቡድኖች እንደ ፈሳሹ አሲዳማነት ፕሮቶን ስለሚቀበሉና ስለሚለቁ የገጹ ቮልቴጅ ይለወጣል፤ ትራንዚስተሩም ለውጡን ወደ ከረንት ይተረጉመዋል።

የለውጡ ጣሪያ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለእያንዳንዱ የፒኤች አሃድ 59 ሚሊቮልት፣ በ37 ዲግሪ ደግሞ 61.5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ተራ ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ ከዚህ በብዙ ስለሚያንስና ምላሹም ቀጥተኛ ስላልሆነ ለዚህ ሥራ አይመከርም። ሲሊኮን ናይትራይድና አሉሚኒየም ኦክሳይድ የተሻሉ ናቸው፤ ምርጫ ካለ ግን ወደ ጣሪያው በጣም የሚቀርበውን ታንታለም ፔንቶክሳይድ ይውሰዱ። ከጌቱ በስተቀር የቺፑ ገጽና ሽቦዎቹ በሙሉ ውሃ በማያስገባ ሙጫ መሸፈናቸውን ያረጋግጡ።

ንባቡን ማዘጋጀት

የትራንዚስተሩን ከረንትና በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ቮልቴጅ ቋሚ አድርጎ የሚይዝ ሰርኪዩት ይጠቀሙ፤ ለምሳሌ 100 ማይክሮአምፔርና 0.5 ቮልት። በዚህ መንገድ ሰርኪዩቱ የሚያወጣው ቮልቴጅ የጌቱን ገጽ ለውጥ በቀጥታ ይከተላል። ፈሳሹ ውስጥ የሚገባው፣ ለንጽጽር የሚያገለግለው የብርና የብር ክሎራይድ ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ ቮልቴጁ የማይዋዥቅ መሆን አለበት። የብር አዮን ለሕዋሳት መርዝ ስለሆነ ኤሌክትሮዱን ከሕዋሳቱ በኋላ፣ ፈሳሹ በሚወጣበት በኩል ያኑሩት፤ ወይም በጨው ድልድይ ይለዩት። ሲሊኮን ብርሃን ሲያርፍበት ከረንት ስለሚያመነጭ ልኬቱ በጨለማ ይካሄድ፤ ሕዋሳቱን በማይክሮስኮፕ ማየት ካስፈለገ መብራቱ ከልኬቱ በፊት ይጥፋ።

መዘፍዘፍና መለካካት

አዲስ ቺፕ ፈሳሽ ሲነካ ንባቡ ፒኤቹ ሳይለወጥ እንኳ በዝግታ ይንሸራተታል። መንሸራተቱ ከጊዜ ጋር እየቀነሰ ስለሚሄድ ቺፑን ሌሊቱን በሙሉ በፈሳሽ ውስጥ ይተዉት። ከዚያ በኋላ በ37 ዲግሪ ፒኤቻቸው 6.84 እና 7.39 በሆኑ ሁለት የፎስፌት መለኪያ ፈሳሾች ያስተካክሉት። እነዚህ ቁጥሮች በ25 ዲግሪ 6.86 እና 7.41 እንደሆኑ ልብ ይበሉ፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ የ25 ዲግሪው ነው። ለሕዋስ ሥራ በፒኤች 4 እና 10 መለካካት ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ ሕዋሳቱ የሚኖሩበትን ጠባብ ክልል አያሳይምና።

የማሳደጊያውን ፈሳሽ መቀየር

ብዙ ሙከራዎች የሚከሽፉት በዚህ ደረጃ ይመስለኛል። የተለመደው የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ የተቀመመው ፒኤቹ እንዳይለወጥ ሆኖ ነው፤ በውስጡ ያለው ባፈር ሕዋሱ የሚያስወጣውን ፕሮቶን እየዋጠ ምልክቱን ያጠፋዋል። ከዚህም በላይ ባይካርቦኔት ያለበት ፈሳሽ ከ5 በመቶ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባቢ ወጥቶ ለተራ አየር ሲጋለጥ ጋዙ ስለሚያመልጥ ፒኤቹ በራሱ ይጨምራል፤ ይህም የሕዋሳቱ ምላሽ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ለልኬቱ ባይካርቦኔትና ሴረም (ከደም የሚገኝ ፈሳሽ) የሌለበት፣ 1 ሚሊሞላር ገደማ ፎስፌት ብቻ የያዘ ፈሳሽ ያዘጋጁ፤ የጎደለውን ጨው በሶዲየም ክሎራይድ ያሟሉ፤ ፒኤቹንም 7.4 ላይ ያድርሱት። ባፈሩ ደካማ ስለሆነ ሕዋሳቱን ያለ ፍሰት ለረጅም ጊዜ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ መተው አይገባም።

ሕዋሳቱን በጌቱ ላይ ማሳደር

ቺፑን በ70 በመቶ ኤታኖል አጽድተው በንጹሕ ውሃ ያጠቡት፤ ሕዋሳቱ እንዲጣበቁም በስሱ ፖሊላይሲን ወይም ፋይብሮኔክቲን ይቀቡት። ሕዋሳቱን በተለመደው ማሳደጊያ ፈሳሽ ይዝሩና ተዘርግተው ጌቱን እስኪሸፍኑት ይጠብቁ። በተጣበቀ ሕዋስና በቺፑ መካከል የሚቀረው ክፍተት በአሥር የሚቆጠር ናኖሜትር ብቻ ነው። ሕዋሱ በሥሩ የሚለቀው ፕሮቶን ከዚህ ጠባብ ቦታ በፍጥነት ስለማይወጣ፣ ሴንሰሩ የሚያየው ለውጥ በላይ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ካለው ሊበልጥ ይችላል፤ ተራ የፒኤች ኤሌክትሮድ ይህን ቦታ ሊደርስበት አይችልም። በተመሳሳይ መንገድ የተዘጋጀ ነገር ግን ሕዋስ የሌለበት ሁለተኛ ቺፕም ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የሁለቱ ልዩነት ሲወሰድ የሙቀት መዋዠቅና መንሸራተት በአብዛኛው ይወገዳሉ።

ፍሰቱን ማቆምና ማስቀጠል

ጥቂት ማይክሮሊትር በምትይዝ ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ፣ አዲስ ፈሳሽ በፓምፕ እንዲያልፍ ያድርጉ። ፍሰቱ ሲቆም ፕሮቶኑ ይጠራቀምና ፒኤቹ መውረድ ይጀምራል፤ ሲቀጥል አዲሱ ፈሳሽ አሲዱን ጠርጎ ንባቡን ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ለምሳሌ ሁለት ደቂቃ ፍሰት፣ አንድ ደቂቃ ማቆም እያደረጉ ይደጋግሙ። ፓምፑ በቆመባቸው የመጀመሪያ ሰከንዶች የሚታየው ዝላይ የፍሰቱ እንጂ የሕዋሳቱ ስላልሆነ ይተዉት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀጥ ያለ ክፍል ብቻ ወስደው ቁልቁለቱን፣ ማለትም ፒኤቹ የሚወርድበትን ፍጥነት፣ ያስሉ። ፈሳሹ በየዙሩ ስለሚታደስ ዝግተኛው መንሸራተት በአንዱ ዙር ውስጥ የሚኖረው ድርሻ እጅግ ትንሽ ይሆናል።

ቁልቁለቱን ወደ ፕሮቶን ብዛት ለመለወጥ የፈሳሹን ባፈር አቅም በታወቀ መጠን አሲድ ጨምረው አስቀድመው ይለኩ። አቅሙ በአንድ የፒኤች አሃድ 1 ሚሊሞል በሊትር፣ የክፍሉ ይዘት 3 ማይክሮሊትር፣ የወረደው ፒኤች በደቂቃ 0.1 ቢሆን፣ በደቂቃ የወጣው ፕሮቶን 300 ፒኮሞል ነው። ይህ ለ50,000 ሕዋሳት ሲካፈል ለአንድ ሕዋስ በደቂቃ 6 ፌምቶሞል፣ በሰከንድ ደግሞ 60 ሚሊዮን ገደማ ፕሮቶን ይደርሰዋል። ይህ ሁሉ በቮልቴጅ ሲታይ ከ6 ሚሊቮልት አይበልጥም፤ ቀደም ሲል ስለ ብርሃን፣ ስለ ሙቀትና ስለ ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ የተደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ለዚች ትንሽ ምልክት ሲባል ነው።

ምልክቱ የሕዋሳቱ መሆኑን ማረጋገጥ

ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ ሲያልፍ ቁልቁለቱ መቀነስ፣ ግሉኮስ ሲመለስ ማገገም አለበት። የግሉኮስን መፍረስ የሚገታው ቱ ዲኦክሲግሉኮስ ቁልቁለቱን ይቀንሰዋል፤ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ የኃይል ምርትን የሚያግደው ኦሊጎማይሲን ደግሞ ሕዋሱ ወደ ግሉኮስ መፍረስ እንዲያዘነብል ስለሚያስገድደው በአብዛኛው ይጨምረዋል። ማንኛውም መድኃኒት በራሱ የፈሳሹን ፒኤች ወይም የጨው መጠን ሊለውጥ ስለሚችል አስቀድሞ ሕዋስ በሌለበት ቺፕ ላይ ይለፍ። በመጨረሻም ሕዋሳቱን በዲተርጀንት ገድለው ጥቂት ዙሮች ይመዝግቡ፤ በዚህ ጊዜ የሚቀር ቁልቁለት ካለ ከመሣሪያው የመጣ ስለሆነ ከቀደሙት ውጤቶች ሁሉ ይቀነሳል። ቺፑን አጥበው ከማስቀመጥዎ በፊት በሁለቱ መለኪያ ፈሳሾች እንደገና ይለኩት፤ ምላሹ ከመጀመሪያው በግልጽ ካነሰ በጌቱ ላይ ፕሮቲን ተጋግሯል ማለት ነውና የዚያ ቀን መረጃ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል።