የአዛውንት ወገብ ሕመም ሁሉ «ዲስክ» አይደለም

ጎንደር ውስጥ እናት ወይም አባት ወገባቸውን ሲያማቸው ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠረጥረው ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) መንሸራተትን ነው። ኤምአርአይ ሲነሱም ዲስክ ይገኛል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ምንም ሳያመው ኤምአርአይ ቢነሳም የተንሸራተተ ዲስክ ሊታይበት ይችላል። ስለዚህ ፊልሙ ከሕመሙ ጋር ካልገጠመ ብቻውን ዋጋ የለውም። ራጅ ደግሞ ዲስኩን ጭራሽ አያሳይም።

ሕመሙ በአንድ እግር እንደ ኤሌክትሪክ ይወርዳል

ሲያስሉና ሲያስነጥሱ ከባሰ ዲስክ መጠርጠሩ ትክክል ነው። ወጣት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት የታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ናቸው፤ ሕመሙም ከመቀመጫ እስከ እግር ይወርዳል። አዛውንት ላይ ግን የላይኞቹም ይነካሉ። ያኔ የሚያመው የጭን ፊት ነው፤ ደረጃ ሲወርዱ ጉልበት ይከዳል። ብዙ ሰው ታዲያ ጉልበቱን ሲያሳክም ይከርማል።

በጀርባ አስተኝቶ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት የታወቀ ምርመራ ነው። አዛውንት ላይ ግን ዲስክ እያለም ላያሳምም ይችላል። ለላይኞቹ ዲስኮች በሆድ አስተኝቶ ጉልበት አጥፎ ጭንን ወደ ኋላ ማንሳት ይሻላል። በተረከዝ ወይም በእግር ጣት መራመድ ካቃታቸውም የተነካውን ነርቭ ይጠቁማል።

መፍትሄው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና አይደለም። አብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻለዋል። አልጋ ላይ መዋል አይጠቅምም፤ በልኩ መንቀሳቀስና ፊዚዮቴራፒ ይሻላል። የሕመም ማስታገሻውን የዲክሎፌናክ መርፌ መደጋገም ግን ለእኔ አደገኛ ልማድ ነው። በዚህ ዕድሜ ኩላሊትን፣ ጨጓራንና ደም ግፊትን ይነካል።

ሲቆሙና ሲሄዱ ይብሳል፣ ቁጭ ሲሉ ይለቃል

ይህ አብዛኛውን ጊዜ በአከርካሪው ውስጥ ያለው የነርቭ መተላለፊያ መጥበብ ነው። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች አንድ ጥያቄ ብዙ ይናገራል፦ «አባባ፣ ዳገት ይሻልዎታል ወይስ ቁልቁለት?» ዳገት ሲወጡ ጎንበስ ስለሚሉ መተላለፊያው ይሰፋል፤ ቁልቁለት ላይ ይጠብባል። ቅዳሴ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎንበስ ሲሉ የሚቀላቸውም ለዚሁ ነው። ቆም ማለት ብቻ የሚያሳርፋቸው ከሆነ ግን የደም ሥር ይጠርጠር፤ የእግር ትርታቸው ይታይ።

ሌሎቹ

ብሽሽት ካመማቸውና ጫማ ማድረግ ካቃታቸው የዳሌ መገጣጠሚያ ይመርመር። ከትንሽ መውደቅ በኋላ የመጣ ሕመም የሳሳ አጥንት ስብራት ሊሆን ስለሚችል ወጌሻ እንዳይነካቸው፤ መጀመሪያ ራጅ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ መታሸት አያድነውም። የሚያቃጥል ሕመም ላይ ሽፍታ ከተከተለ አልማዝ ባለጭራ ነው።

ሽንት እምቢ አለ፣ መቀመጫ ደነዘዘ

ይህ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ። አባቶች ላይ ሽንት ሲያስቸግር ሁሉም «ፕሮስቴት ነው» ይላል። እግራቸው አብሮ ከደከመ ወይም ብልታቸው አካባቢ ከደነዘዘ ግን ለሐኪሙ በግልጽ ይነገረው። በልጆቻቸው ፊት ማውራት ስለሚያፍሩም ለብቻቸው ይጠየቁ።