ለብሎኬት ግድግዳ የሚሆን የሥራ ጠረጴዛ

ጠረጴዛው መኪና በሚያድርበት ክፍል ግድግዳ ላይ በቡሎን የሚታሰር ነው። መጀመሪያ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ አንኳኩት። ኦና ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ነው። ድፍን ካለ ኮለን፣ ማለት የኮንክሪት ምሰሶ፣ አግኝታችኋል፤ እድለኞች ናችሁ። ኮለን ላይ 12 ሚሊ የብረት ፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ቡሎኑን የሚይዘው) ይበቃል።

ብሎኬት ላይ ግን የፕላስቲክ ፊሸር የሚባል ነገር አታምጡብኝ። ፎቶ መስቀያ ይሁን፣ አልከለክልም። ሞርሳ (ጠረጴዛው ላይ የሚታሰረው የብረት መያዣ) ላይ ብረት አስራችሁ መዶሻ ማሳረፍ ስትጀምሩ ግን ቀዳዳውን እያሰፋ ይወጣል።

ከግድግዳው ጀርባ ያለው የራሳችሁ ግቢ ከሆነ ብሎኬቱን ወዲያ ማዶ ብሱት። ረጅም 12 ሚሊ ቡሎን አሳልፉና ከጀርባ 10 በ10 ሳንቲም ወፍራም ላሜራ አድርጋችሁ በዳዶ እሰሩት። ጀርባው የጎረቤት ከሆነ ይሄ አይሆንም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ የብሎኬቱን ፊት በመሮ እከፍታለሁ። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጨምድጄ ወደ ታች እጠቀጥቃለሁ፤ አለዚያ ኮንክሪቱ ባዶው ውስጥ ወርዶ ይቀራል። ጭራው የታጠፈ ቡሎን አስገብቼ ደቃቅ ጠጠር ባለው ኮንክሪት እሞላዋለሁ። ሳምንት ሙሉ ውሃ ይጠጣ። እስከዚያ ማንም አይንካው!

ጠረጴዛውን የሚሸከመው ድጋፍ ሦስት ማዕዘን ነው፤ 40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ፣ በየ60 ሳንቲሙ አንድ። ጭነት ሲመጣ የላይኛው ቡሎን ይሳባል፣ የታችኛው ግድግዳውን ይገፋል። ስለዚህ ከላይ ሁለት፣ ከታች አንድ ቡሎን። በያጁ መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ብቻ ያስይዘው። ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) ሳታስጠጉ ሙሉውን እንዳይበይድ፤ ሙቀቱ ብረቱን ይስበዋል። እኔ የፊቱን ጫፍ ሦስት ሚሊ ያህል ቀና አስደርገዋለሁ። ሲጫንበት ልክ ይመጣል።

ለጠረጴዛው የላይ ገጽ ሁለት ባለ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ የእንጨት ጣውላ) በኮላ አጣብቁ። ቺፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቀው) ርካሽ ነው፣ አንድ ባልዲ ውሃ ሲደፋበት ግን ያብጣል።

ቁመቱ ቆማችሁ እጃችሁን ስታንጠለጥሉ የእጃችሁ አንጓ ጋ ይድረስ፤ ለብዙ ሰው 85 እስከ 90 ሳንቲም ነው። ወርዱ ከ60 አይለፍ። ከመብሳታችሁ በፊት መኪናዋን አስገብታችሁ በሯን ክፈቱ። ቪትዝም ብትሆን በር አላት።

ሞርሳውን ከድጋፉ አናት ላይ እሰሩት፣ በሁለት ድጋፍ መሃል አይደለም። ከወር በኋላ ደግሞ ዳዶዎቹን ዞር ዞር እያላችሁ አጥብቁ፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይላላሉ።