ልብ ወለድ መጻፍ እንዴት ይጀመራል? መጀመሪያ «ነበር»ን መልቀም

የመጀመሪያ መጽሐፌን ያሳተምኩት በራሴ ገንዘብ ነው። 500 ኮፒ። አርታኢ አላየውም፤ «እኔ እያለሁ ምን ያደርግልኛል» ብዬ። አንድ መጽሐፍ አዟሪ የመጀመሪያውን ገጽ እዚያው ቆሞ አነበበና «ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ ነበር ምንድን ነው?» አለኝ። ቤት ገብቼ ቆጠርኩ። በአንድ ገጽ 19 «ነበር»። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው።

1. ከአጭር ጀምሩ። ሦስት ገጽ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን። ረጅሙ ይደርሳል።

2. ረቂቁን ሳታርሙ ጨርሱ። እኔ የምጽፈው ደብተር ላይ ነው፤ ስልክ ላይ ከሆነ ቴሌግራም አያስጨርሰኝም። ኮምፒውተር ላይ ስትገለብጡ በዩኒኮድ፣ ማለትም የትኛውም ስልክና ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል ኮድ ይሁን። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ሌላ ቦታ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል።

3. «ነበር»ን እንደ ምስር ጠጠር ልቀሙ። ዋናው ሥራ ይሄ ነው። አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ስለሆነ የአንባቢ ጆሮ የሚያርፈው እዚያው ነው። መጨረሻው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን እንደሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያሰለቻል። የእኔን እዩት፦

«ዝናብ ይዘንብ ነበር። አስቴር በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጃንጥላ አልያዘችም ነበር። አባቷን ትጠብቅ ነበር።»

ሲታረም፦

«ዝናቡ አላባራም። አስቴር ጃንጥላ የላትም። በሩ ላይ ቆማ የአባቷን ኮቴ ታዳምጣለች።»

ኮቴው ረቂቁ ላይ አልነበረም። «ትጠብቅ ነበር»ን ስሰርዝ፣ ሰው አባቱን ሲጠብቅ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ግድ ሆነብኝ።

ከ«ነበር» የሸሸ ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ይገባል፦ «ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ በሩን ዘግቶ ወጣ።» ይሄ ልብ ወለድ ሳይሆን የፖሊስ ቃል ነው። ሁለት ይበቃል፤ ከዚያ አራት ነጥብ። ሁሉንም «ነበር» አጥፉ ማለቴም አይደለም። «እዚህ ጋ ቤታችን ነበር» ሲባል ቃሉ ሥራውን እየሠራ ነው።

ታዲያ ይሄ በዓይን ብቻ አይያዝም። ጽሑፉን እያነበባችሁ ስልካችሁ ላይ ቅዱትና ታክሲ ውስጥ ስሙት። ያፈራችሁበት ቦታ ይታረማል። ለእናታችሁ አታንብቡላቸው፤ እናት «ጎበዝ ልጄ» ከማለት ሌላ ምን ትላለች?

4. ፊደል ምረጡ። «ፀሐይ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ገጽ 40 ላይ «ጸሀይ» እንዳትሆንባችሁ።

5. ለጋዜጣና ለመጽሔት ላኩ። ሥራችሁን ግን አትልቀቁ፤ የቤት ኪራይ ተመስጦ አያውቅም። አሳታሚ ከተገኘ ውሉ ላይ ስንት ኮፒ፣ ስንት ፐርሰንት፣ መቼ እንደሚከፈል ይጻፍ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው የመጠቀም መብቱ፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ስለዚህ «መብቴን ሙሉ በሙሉ አስተላልፌያለሁ» የሚል መስመር ካያችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡና የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

የእኔ 500 ኮፒ? አብዛኛው አሁንም አልጋዬ ስር ነው። አዟሪው አንድ ወስዷል። አልከፈለም።