የሆላንድ ገጠር ልጆችን በእርሳስ ስንቀዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሰዓሊዎች የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ልጆችን ደጋግመው ስለዋል። ዮሴፍ ኢስራኤልስና በርናርድ ብሎመርስ ባሕር ዳርቻ፣ አልበርት ኖይሃውስ ላረን መንደር፣ ቫን ጎግም በየሄደበት። ሥዕል ለሚማር ሰው እነሱን እያዩ በእርሳስ መቅዳት ጥሩ ልምምድ ነው። ችግሩ አጀማመራችን ላይ ነው።

ብዙ ሰው ከፊት ይጀምራል። ዓይን፣ ሽፋሽፍት፣ ፈገግታ። የሚወጣው የፖስታ ካርድ ልጅ ነው። አምስተርዳም ራይክስሙዚየም ያለውን የኢስራኤልስን «የባሕር ልጆች» (1872) እዩ። የዘይት ቀለም ሥዕል ቢሆንም ለእርሳስም ያስተምራል። ትልቁ ልጅ ታናሹን አዝሎ ባዶ እግሩን ውሃ ውስጥ ቆሟል። ነገሩን የሚናገረው አካሉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ክብደቱ የትኛው እግር ላይ እንዳረፈ ፈልጉ። ፊቱ ይደርሳል።

ልጅን እንደ አጭር አዋቂ መሳልም የተለመደ ነው። የአዋቂ ቁመት በራሱ ጭንቅላት ርዝመት ሲለካ ሰባት ተኩል ያህል ነው፤ የ4 ዓመት ልጅ ግን ወደ አምስት።

የሆላንድ ገጠር ልጆች የሚያደርጉትን የእንጨት ጫማ ደግሞ እንደ ስኒከር ጣቶቹ ጋ አጥፈው የሚስሉት አሉ። እንጨት አይተጣጠፍም! ልጁ ሲራመድ ተረከዙ ከጫማው ብድግ ይላል፣ ጫማው እንዳለ ይከተለዋል። ይህቺን ክፍተት በአንድ ጥቁር መስመር ካሳያችሁ ልጁ ሲሄድ ይታያል። ካልሆነ ግን ጫማው እግሩ ላይ የተለጠፈ ነው የሚመስለው።

ሌላው እርሳስ መጫን ነው። ጥላው ይጠቁር ብለው ሲጫኑት ወረቀቱ ያብለጨልጫል፣ ከጎን ሲያዩት ምንም አይታይም። ቫን ጎግ ሄግ ከተማ በነበረበት ጊዜ በወፍራም የአናጢ እርሳስ ይሠራ ነበር፤ ይህን ብልጭታ ለማጥፋት ንድፉ ላይ ወተት ያፈስ ነበር። እናንተ ወተቱን ጠጡት። በ4ቢ (ለስላሳና ጥቁር) እርሳስ ቀስ እያላችሁ ደራርቡ፣ በጣም ለጠቆረው ቦታ ከሰል ውሰዱ። በጣት ማሸትም ይቅር፤ ሸካራው የሱፍ ልብስ ሐር ይመስላል።

የመጨረሻው ስህተት ሁሉንም እኩል መጨረስ ነው። ይህ የልምምድ ንድፍ ነው። እጁ ላይ ብዙ ከሠራችሁ ቀሚሱን በሁለት መስመር ተዉት።