እትዬን ከሰፊው የቀበሌ ቤት ወደ አነስተኛው ለማዛወር

ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ እናት አራት ክፍል የቀበሌ ቤት ለብቻቸው ይዘው፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከነልጆቹ በአንዲት ክፍል ተፋፍጎ ሲያድር ማየት በጎንደር አዲስ አይደለም። ቢለዋወጡ ለሁለቱም እንደሚበጅ አምናለሁ። የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ልውውጥ ሲሳካም ሲፈርስም በቅርብ አይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈርሰው አጀማመሩ ነው።

ደብዳቤ አይቅደም። ክፍል ለመቁጠርም ማንም አይግባ። አዛውንቶቻችን የሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ በዓይናቸው አይተዋል፤ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው የኪራይ ቤቶችን ለሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲተላለፍ ወጣቶች ነበሩ። ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዘ ሰው «ትርፍ ክፍል አለዎት» ካላቸው ሊያስወጣቸው እንደመጣ ነው የሚቆጥሩት። የእድሩ ዳኛ፣ የነፍስ አባታቸው ወይም የቅርብ ጎረቤት ይሂድ። ወሬውም ከድካማቸው ይነሳ፦ «እትዬ፣ ውሃው ሌሊት ሲመጣ ማን ይቀዳልዎታል? የጓዳው ጣራ ዘንድሮም አፈሰሰ?» ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጄሪካን መሙላትና ማንሳት ለአሮጊት ጉልበት ከባድ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ይናገሩታል። በዚያ ቀን ስለ መዛወር ምንም አታንሱ።

ኪራይ ይቀንስልዎታል ብላችሁም አትጀምሩ። በእንግሊዝ አገር ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድጎማ የሚያገኝ የመንግሥት ቤት ተከራይ አንድ ትርፍ መኝታ ክፍል ካለው የኪራዩ 14 በመቶ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካለው 25 በመቶ ከድጎማው ይቀነስበታል፤ የጡረታ ዕድሜ የደረሱትን ግን አይነካም። እኛ ጋ የቀበሌ ኪራይ ጥቂት ብር ስለሆነ ቢቀነስም ማንንም ከቤቱ አያስነሳም። ችግረኛ አዛውንትን አስጨንቆ ቤት ማስለቀቅም ደግ ሥራ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው የደባሉ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ አንዷን ክፍል ለተማሪ ወይም ለቀን ሠራተኛ ሰጥተው በሚያገኙት ገንዘብ ነው ጤፍና ዘይት የሚገዙት። ደንቡ ባይፈቅደውም ኑሯቸው ያ ነው። ሰው በሌለበት፣ በቀስታ ጠይቋቸው። ከዚያም ልጆቻቸውን ሰብስባችሁ ማን በየወሩ ስንት እንደሚሰጥ በሽማግሌ ፊት ይነጋገሩ። አነስተኛው ቤት ለመንገድ የቀረበ ከሆነ ደጃፉ ላይ በርበሬና ሽንኩርት ዘርግተው ጉሊት መሸጥ ይችላሉ፤ ይህ ብቻውን ልብ ሲያስለውጥ አይቻለሁ። ገቢያቸው በምን እንደሚተካ ሳይታወቅ ግን ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ቦታው ሰፈሩ ውስጥ ይሁን። ሳሙና በር ሰፈር የኖሩን እናት ራቅ ወዳለው አዘዞ አውርዶ ማስቀመጥ ከእድራቸው፣ ከማኅበራቸውና በእግራቸው ሄደው ከሚስሙት ቤተ ክርስቲያን መነጠል ነው። ትንሽ መራቁ ግድ ከሆነ የእድር አባልነታቸው እንደማይቋረጥ በስብሰባ ተወስኖ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

ቤቱን ስታሳዩአቸው መጸዳጃውን አስቀድሙ፦ ስንት እርምጃ ይርቃል፣ ስንት አባወራ ይጋራዋል፣ ሌሊት መብራት አለው ወይ? ቀጥሎ የምጣዱ ጭስ መውጫ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ለብቻ መሆኑ፣ ሮቶ ማስቀመጫ ቦታ መኖሩ ይታይ። የአልጋውንና የቡፌውን ስፋት በሲባጎ ለክታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጎንደር ዳገታማ ናትና ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለውን መንገድ እሳቸው ራሳቸው በምርኩዛቸው ይውጡት።

«ለጥምቀት እንግዳዬን የት ላሳድር?» ማለታቸው አይቀርም። እንደ ሰበብ አትዩት። ልጆቻቸው ከያሉበት የሚሰበሰቡት ጥር ላይ ነው። ሰፊውን ቤት የሚረከበው ቤተሰብ በበዓሉ ሰሞን አንድ ክፍል እንደሚለቅላቸው እዚያው ፊት ለፊት ቃል ይግባ።

አዲሱ ውል ተፈርሞ ቁልፉ እጃቸው ሳይገባ አንድ ዕቃ እንኳ አይነሳ። አብሯቸው የሚኖር ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ ስሙ የቤተሰብ መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር አስቀድማችሁ የቤቶች ባለሙያውን አነጋግሩ፤ ስለዚህ ነገር ሌሊት እንቅልፍ የሚያጡ ብዙ ናቸው። የቆጣሪ ውዝፍ ዕዳም በሁለቱም በኩል ይጣራ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እምቢ ካሉ በዚያው ይቅር፤ ማስፈራሪያ ይዞ የሚመለስ ሰው እንዳይኖር እድሩ ይቆጣጠር።

ከተስማሙ የመስቀል በዓል አልፎ ዝናቡ ሲያባራ፣ የእድሩ ጎረምሶች ይሸከሙ። የጠላ ጋኑን ግን እሳቸው የሚያምኑት ሰው ይያዘው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያፈስ ቆርቆሮና የማይዘጋ በር ተጠግኖ ይጠናቀቅ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ አንድ ሰው የመብራት ቢሉ በማን ስም እንደመጣ ሄዶ ይይላቸው።