ብይዋ ከስንት ከፍታ ትለቀቅ? ከውሃ ጎማ ሮለር ኮስተር መሥራት

ጅማ ውስጥ ሮለር ኮስተር፣ ሰው ጭኖ ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘገው የመዝናኛ ባቡር፣ የለም። ተማሪዎቼ የሚያውቁት በስልክ ቪዲዮ ነው። ከጅሬን ቁልቁል ሞተሩን አጥፍቶ በሚወርድ ባጃጅ ግን ያልተሳፈረ የለም። «ያለ ነዳጅ ምን አወረደው?» ስላቸው «ቁልቁለቱ ነዋ!» ይላሉ። ትምህርቱን የምጀምረው ከዚህ ነው። ቀመሩ ይደርሳል።

የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። አራት ሜትር ያህል አሮጌ የአትክልት ማጠጫ ጎማ፣ ብይ እንደ ልብ የሚያልፍበት ሰፊው ዓይነት። ካተር፣ ፕላስተር፣ ካርቶን፣ ሜትርና ሁለት ሦስት ብይ። ለማማው የጅማ በርጩማ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ሦስት እግር ስላለው ከታች ያለው ቢጎረብጥም አይወላወልም። እሱ ራሱ አንድ የፊዚክስ ትምህርት ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ጎማውን ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስጡት። ይለሰልሳል፣ የተጠቀለለበትን ቅርፅም ይለቃል። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሁለት ሰንጥቁት። ካተሩን እናንተ ያዙ፣ ለልጆች አትስጡ። ከአንድ ጎማ ሁለት ክፍት ሀዲድ ይወጣል።

ለምን ይሰነጠቃል? እኔ መጀመሪያ አልሰነጠቅኩም ነበር። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበትን፣ ውስጡ የሚታየውን ቱቦ ገዛሁና መሃሉን በቆመ ክብ ጠመዘዝኩት። ከአሮጌ ኩሽኔታ ትንሽ የብረት ኳስ አወጣሁና ለቀቅኳት። ክቡን ዞራ ወጣች። ክፍሉ አጨበጨበ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ፦ «ቲቸር፣ መውደቅ ብትፈልግስ በየት በኩል ትወድቃለች?»

እውነቱን ነው። ዝግ ቱቦ ውስጥ ኳሷ አናት ላይ ብትደክምም የውስጠኛው ግድግዳ ደግፎ ይይዛታል። ከክቡ ቁመት ትንሽ ከፍ ብላ ከተነሳች ይበቃታል። እኔ ላስተምር የፈለግኩት ደግሞ መቼ እንደምትወድቅ ነበር። በማግስቱ ካተር ይዤ መጣሁ።

አሁን ክቡን ሥሩ። ከአናቱ እስከ ታቹ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መግቢያና መውጫው እንዳይጋጩ ወደ ጎን ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት። ግራና ቀኙን በካርቶን ደግፋችሁ በፕላስተር አጥብቁ፤ ሀዲዱ በተነቃነቀ ቁጥር ከብይዋ ጉልበት ይቀንሳል። ማታ ደግሞ ወደ ውስጥ አስገቡት። የጅማ ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም። በረንዳ ላይ ያደረ የካርቶን ማማ ጠዋት ፍትፍት ሆኖ አግኝተናል።

ብይዋን ከመልቀቃችሁ በፊት ልጆቹን አስገምቱ። አብዛኛው «ክቡ 20 ከሆነ ከ20 ትለቀቅ» ይላል። እሺ በሉና ልቀቁ። አናቱ ሳትደርስ ከሀዲዱ ተላቃ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ትላለች። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ይከራከሩ።

ከፍታ ላይ ያለች ብይ እምቅ ጉልበት አላት። ስትወርድ ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ይለወጣል፣ ክቡን ስትወጣ ተመልሶ እምቅ ይሆናል። ከ20 ከተነሳች አናቱ ላይ ለፍጥነት የሚተርፋት የለም። አናት ላይ ደግሞ ፍጥነት ያስፈልጋታል። በቂ ፍጥነት ካላት የመሬት ስበት መንገዷን ያጎብጠዋል እንጂ ከሀዲዱ አይነጥላትም። ውሃ የያዘ ባልዲ በፍጥነት ያሽከረከረ ልጅ ይህን በእጁ ያውቀዋል።

በስሌት፣ ያለ ሰበቃ የሚንሸራተት ነገር የክቡን ሬዲየስ (የቁመቱን ግማሽ፣ እኛ ጋ 10 ሴንቲ ሜትር) 2.5 እጥፍ ከፍታ ይፈልጋል። ብይ ግን ትንከባለላለች፣ ከጉልበቷ ከፊሉ ወደ መሽከርከሩ ይሄዳል። ስለዚህ 2.7 እጥፍ ነው፤ ለእኛ ክብ 27 ሴንቲ ሜትር። የእኛዋ የዞረችው ከ36 ነው። የቀረውን ሰበቃና የጎማው መነቃነቅ በልተውታል። እናንተ ጋ ሌላ ቁጥር ይመጣል። አምስት አምስት ጊዜ ሞክሩና ጻፉት።

ሁለተኛው ሀዲድ ለዝላይ ነው። መነሻው ከጠረጴዛው 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። መጨረሻው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ልክ እንደ ወለሉ ጠፍጣፋ ይሁን። ወለሉ ላይ አመድ በስሱ በትኑ፣ ብይዋ ያረፈችበት ይታያል። ከጠርዙ ቱንቢ አውርዱና ከቱንቢው እስከ አመዱ ምልክት ለኩ። ጠረጴዛው 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መውደቂያ ጊዜው 0.4 ሴኮንድ ነው። እኛ ጋ 80 ሴንቲ ሜትር ርቃ አረፈች፤ በሴኮንድ 2 ሜትር ማለት ነው። እየተንከባለለች ምንም ጉልበት ባይባክንባት 2.4 ገደማ ትሆን ነበር።

ብይዋ ጠርዙን ስትለቅ ሌላ ብይ ከዚያው ከፍታ ቀጥ አድርጋችሁ ጣሉ። «ሩቅ የምትሄደው ትዘገያለች» ብለው የሚማማሉ አይጠፉም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አድምጡ በሏቸው። ከተቀናጀላችሁ የምትሰሙት አንድ ድምፅ ነው። እኛ በሰባተኛው ሙከራ ነው የተሳካልን።

አንዲት ተማሪ በቪዲዮ ያየችው ክብ እንደ እንባ ጠብታ ለምን እንደሚሾል ጠየቀችኝ። በ1895 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ የተሠራው ፍጹም ክብ ነበር፤ ተሳፋሪው አንገቱን እያመመው ይወርድ ነበር። ክቡ መግቢያ ላይ ሰውን ባንድ ጊዜ ነው የሚጫነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1976 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ብሎ መጣ።

ልጅቷ ይህን ሰምታ ዝም አላለችም። ቁመቱን 20 ላይ ይዛ የክባችንን አናት በሁለት ካርቶን ጨመቀችው። ብይዋ ከ33 ዞረች።